ነጩ ከቆላ፣ ቀዩ ከባሕር

ሸማ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዳሩ ነው። መሐሉ ሊያታልል ይችላል፤ ታጥቦ፣ ታሽቶ፣ ተጣጥፎ ሲቀርብ ሁሉም ነጭ ነው። ዳሩ ግን አይዋሽም። ሸማኔው መወርወሪያውን በቀኝ እጁ ሰዶ በግራው ሲቀበል ማጉን ትንሽ አጥብቆ ከሳበው፣ ዳሩ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ካላላው ደግሞ ክሩ እንደ ቀለበት ወጥቶ ይቀራል። ከላይ እስከ ታች እንደ ተሰመረ ቀጥ ብሎ የወረደ ዳር ካየሁ፣ እጁ ለአፍታ እንኳ ያልተዘናጋ ሰው እንደሠራው አውቃለሁ። አሊዩ አምባ ድረስ የወሰደኝም እንዲህ ያለ አንድ ዳር ነው።

አሊዩ አምባ ከአንኮበር በታች፣ የሸዋ ደጋ ተቆርጦ ወደ ይፋት ቆላ በሚወርድበት ገደል ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ጠዋት አንኮበር ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተነሣ መንገደኛ፣ ቁልቁለቱን ሲያጋምስ ጋቢውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ ያደርገዋል። ከታች የአፋር ሜዳ በጭጋግ ውስጥ ተዘርግቶ ይታያል። ባሕር የሚባል ነገር በዓይን አይገኝም፤ ታጁራ በአየር ላይ እንኳ ቢለካ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሆኖም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847) የሸዋ ወደብ ይህች ነበረች ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ወደብ ያደረጋት የግመል እግር ነው። የአፋር ሲራራ ከታጁራ ተነሥቶ፣ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአሳል ሐይቅ በኩል አልፎ፣ ጨውና የባሕር ማዶ ዕቃ ጭኖ በረሃውን ካቋረጠ በኋላ እዚህ ዳገት ሥር ያበቃለታል። የግመል መዳፍ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ለአሸዋ እንጂ ለሚያዳልጥ የደጋ ድንጋይ አልተፈጠረም። ስለዚህ ጭነቱ ይራገፋል፣ ቀረጡ ይከፈላል፣ ዕቃው በአህያና በበቅሎ፣ አንዳንዴም በሰው ጀርባ ወደ አንኮበር ይወጣል። ጭነት የሚገለበጥበት፣ ቀራጭ የተቀመጠበት፣ በአንድ ቀን አምስት ቋንቋ የሚሰማበት ቦታ ወደብ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? አርብ አርብ በሚቆመው ገበያ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪው፣ አማራውና ኦሮሞው ይገናኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ በዚሁ መንገድ ወጥቶ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 16 ቀን ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ደግሞ አሊዩ አምባ ውስጥ ቤት ይዞ ለወራት ኖሯል። ስለ ጎረቤቶቹ ኑሮ የጻፈው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን ላይ ታትሟል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በዚህ መንገድ ወደ ባሕር ይወርዱ ከነበሩት መካከል ሰዎችም ነበሩ። ከአሊዩ አምባ አጠገብ ያለችው መንደር፣ አብዱል ረሱል፣ የሐረር ባሪያ ነጋዴዎች ማረፊያ ነበረች። የዚህን ገበያ ብልጽግና የሚያነሣ ሁሉ ይህንንም አብሮ ማንሣት ይገባዋል።

እንግዳ ወደ አሊዩ አምባ ሲመጣ ታዲያ ምን ያያል? ማማ የለም፣ የመርከብ ማቆሚያ የለም፣ የድሮው ቀራጭ ቤት ይህ ነው ብሎ የሚያሳይ ሰሌዳ አላየሁም። እኔ የምለው፣ አርብ ቀን ይምጣ፣ ገበያውን ይዙር፣ ከዚያ ከሸማኔ ደጅ ይቀመጥ ነው። ግማሽ ቀን ይበቃዋል፤ ግማሽ ቀን ግን ሳይነሣ።

እኔ የተቀመጥሁት ከገበያው ወረድ ብሎ ካለ አንድ ቤት ነው። አርጎቦች በሁለት ነገር የታወቁ ናቸው፤ በንግድና በሽመና። የቤቱ አባወራም ሁለቱንም ሞክረው በሽመናው የጸኑ ሽማግሌ ናቸው። አሰላሙ አለይኩም ብዬ ስገባ ከጉድጓዳቸው ሳይነሡ፣ «ወአለይኩም ሰላም፤ ግባ ልጄ፣ ከብርሃኑ ብቻ ፈንጠር በል» አሉኝ። የበሩ ብርሃን በቀጥታ ድሩ ላይ እንዲያርፍ ነው የተቀመጡት። ጥላዬ ሲያርፍባቸው ክሩ አይታያቸውም።

ጥጡ ከታች ነው የሚመጣው። የሸዋ ሮቢት ሜዳ ዛሬ በማሾና በሽንኩርት ቢታወቅም፣ የይፋት ቆላ ከጥንትም የጥጥ አገር ነው። ባለቤታቸው ጥጡን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርገው፣ ቀጭኗን የብረት መዳመጫ በመዳፋቸው ወደፊት እያንከባለሉ ፍሬውን ያወጣሉ። ፍሬው ጠብ ጠብ እያለ ከፊት ይወድቃል፤ ጥጡ ከኋላ ይቀራል። ክብደታቸውን ከመጠን በላይ ቢያሳርፉ ፍሬው ይፈርጥና ጥጡን ያቆሽሸዋል። ቢያቀሉት ደግሞ ፍሬው አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ደጋኑ ይመጣል፤ ጅማቱ ጥጡ ውስጥ እየተርገበገበ ይነድፈዋል፤ የተጨፈለቀው ሁሉ ተፈታትቶ እንደ ጉም ያብጣል። ባዘቶ ሆነ ማለት ነው።

እንዝርቷን ጭናቸው ላይ አንድ ጊዜ ሸርተት አድርገው ይለቋታል። እየሾረች ቁልቁል ትወርዳለች፤ ባዘቶውን የያዘው እጃቸው ሽቅብ ይሄዳል፤ በሁለቱ መካከል ፈትሉ ይወጣል። «ቀጭን ፈታይ» የሚለውን ሙገሳ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማው ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ፈትሉ ቀጭን መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከመጀመሪያው ክንድ እስከ መጨረሻው እኩል መቅጠን አለበት። በአውራና በሌባ ጣታቸው መካከል አንዲት እብጠት ስታልፍ ያውቃሉ፤ እንዝርቷን ያቆማሉ፣ እብጠቷን በጥፍራቸው ጫፍ ፈታ አድርገው ያሰራጯታል፣ እንደገና ይለቃሉ። በዓይናቸው አይደለም፤ ዓይናቸው ከእኔ ጋር ወሬ ላይ ነበር። ድሩ አሁን አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ የእጅ ፈትል የቀረው ለማጉ ነው። አልተቆጨሁም አልልም። ግን ደግሞ ሸማውን የሚያለሰልሰውና የሚያሞቀው ማጉ ነውና፣ የቀረው የተሻለው ነው።

ሸማኔው መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ እግራቸውን ሰድደው ተቀምጠዋል። እግራቸው መርገጫውን ሲጫን የድሩ ግማሽ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች ይከፈታል፤ በመሐል መወርወሪያው ቀሰሙን እንደያዘ ሹልክ ይላል፤ ወዲያ ማዶ ያለው እጅ ይቀበለዋል፤ መምቻው መጥቶ ማጉን ወደ ቦታው ያሳርፈዋል። እግር፣ እጅ፣ እጅ፣ መምቻ። ድምፁ ሦስት ምት ነው፤ ሹክ፣ ጠቅ፣ ድም። ለሰዓታት ስሰማው ቆይቼ አንድ ጊዜ ሦስተኛው ምት ሳይመጣ ቀረ። ቀና ስል አንድ የድር ክር ተበጥሷል።

ያን ክር ሲቀጥሉ ያየሁትን ነው ለሰው ሁሉ የማወራው። በመቶዎች ከሚቆጠሩት ክሮች መካከል የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አልፈለጉም፤ እጃቸውን በድሩ ላይ ሲያንሸራትቱ የላላውን አገኙት። ቢቋጥሩት ቋጠሮው መምቻው ውስጥ ተሰንቅሮ ሌሎቹን ይበጥስ ነበር። ስለዚህ የሁለቱን ጫፎች ጥምዝ ፈቱ፣ እየሳሱ እስኪሄዱ ድረስ በጥፍራቸው አሳሷቸው፣ በምራቃቸው አራሷቸው፣ ከዚያ አንዱን በሌላው ላይ አጋድመው በአውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ ብቻ አንከባለሉ። ሁለቱ ጫፎች አንድ ክር ሆኑ። ሳብ አድርገው ሞከሩት። ያዘ። ሸማው ሲጠናቀቅ ያን ቦታ ፈልጌ አጣሁት፤ የት እንደነበር በስንዝር ለክቼ ይዤው ሳለ ነው ያጣሁት።

ይህን እጅ ነበር ደጋው «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሲሰድብ የኖረው። የምናርሰውን ማረሻ የሠራውን በቡዳነት፣ የምንለብሰውን የሠራውን በቁጢት ስንሰድብ ስንት ዘመን አለፈ። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ የአገር ልማድ ሆኖ ስለነበር ነው፤ ልማዱም በአንድ ቀን አልሞተም። እንዲህ ያለውን ቅጥል በዓይኑ ያየ ሰው ግን ያን ቃል ደግሞ ከአፉ ማውጣት የሚችል አይመስለኝም።

አሁን ወደ ቀዩ ልምጣ። ጥለቱ ላይ ሲደርሱ ምቱ ይቀየራል። የነጩ ሩጫ ይቆማል፤ ጣት ይገባል፤ ቀለም ያለው ክር በድሩ መካከል እየተለቀመ ይተኛል። ዛሬ ቀለሙ ሁሉ ገበያ ላይ በየዓይነቱ ተጠቅልሎ ይሸጣል። በግመሉ ሲራራ ዘመን ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ሸማኔው ቀይ ሲፈልግ ከባሕር ማዶ የመጣውን ቀለም ያለው ክር ይገዛ፣ ወይም የመጣውን ጨርቅና ሐር ክር በክር ተርትሮ እንደገና ይሸምነው ነበር። እስቲ ልብ በሉት፤ ሌላ አገር ሌላ ሸማኔ የሸመነውን ጨርቅ ፈትቶ፣ ከእሱ ውስጥ የሚፈልገውን አንድ ቀለም ብቻ ማውጣት። ቀይ ሰፊ ጥለት ያለው ጃኖ የመኳንንት ልብስ የነበረው ለዚህም ጭምር ይመስለኛል፤ ያ ቀይ በግመል ጀርባ በረሃ አቋርጦ የመጣ ነው። ሰሌዳና የቀራጭ ቤት ያጣሁባት ወደብ እዚህ ሸማ ላይ ተሠርታ አገኘኋት። መሐሉ፣ ነጩ፣ የሮቢት ጥጥ ነው። ጫፉ፣ ቀዩ፣ የባሕር ነው።

ባሕር ከይፋት ጋር የተዋወቀው ደግሞ በሣህለ ሥላሴ ዘመን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1285 ዑመር ወላስማ የሸዋን ሱልጣኔት አሸንፎ የይፋትን ሲያጠናክር፣ የባሕሩ በር ዘይላ ነበረች። የዚያ ዘመን ከተሞች ፍራሽ በዚሁ ገደል ላይ ኖራ፣ አስባሪና መሳል በሚባሉ ቦታዎች ይገኛል፤ ተመራማሪዎቹ ፍራንስዋ ዛቪየ ፎቬልና በርትራን ሂርሽ ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተዋቸዋል። ጊዜ ያለው እንግዳ ኖራ ይሂድ። የመስጊዱ የድንጋይ ግድግዳ ቆሞ ይታያል። እንደ ሸማ ዳር አድርጎ ይየው፤ ማዕዘኑን በዓይኑ ከላይ እስከ ታች ይከተለው።

የታጁራው የግመል መንገድ የተዘጋው በአንድ ጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ላይ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ከታጁራ ጠመንጃ ጭኖ አራት ወር ያህል ተጉዞ አንኮበር ሲደርስ፣ ምኒልክ እዚያ አልነበሩም፤ ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ሄዶ ነበር። በዚያው ዓመት ሐረር ተያዘች፤ ንግዱ ፊቱን ወደዚያ አዞረ። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ፣ ዳገት ሥር ጭነት የሚያራግፍ ግመል የሚጠብቅ ነጋዴ አልቀረም።

የአስር ሰላት ሰዓት ሲደርስ ሸማኔው መወርወሪያውን ሸማው ላይ አስቀምጠው ከጉድጓዱ ወጡ፣ ውዱእ አደረጉ፣ ወደ ሰሜን ዞረው ቆሙ። አሊዩ አምባና መካ በአንድ ኬንትሮስ ላይ ያሉ ያህል ነው፤ ቅብላው ወዲህ ወዲያ ሳይል ቀጥታ ሰሜን ነው። ሰግደው ሲመለሱ ከቤቱ ጥግ አስቀድሞ የተጠናቀቀ ሌላ ክፍል አመጡ። መወርወሪያ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚወረወር የሸማ ስፋት ክንድ ከሚደርስበት አያልፍም፤ ስለዚህ ነጠላው ከሁለት ክፍል ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው የሚሞላው። የመጀመሪያው ክፍል ከሁለት ሳምንት በፊት ያለቀ ነው። አዲሱ የዛሬ ነው።

«ቀዩ ከቀዩ ካልገጠመ ምኑን ሸማ ሆነ» አሉ። ቋጠሮ ያለባት አንዲት አሮጌ ክር ከኪሳቸው አወጡ፤ መለኪያቸው እሷ ናት። ሁለቱን ክፍሎች ዳር ለዳር አስጠግተው ጭናቸው ላይ ዘረጉ። ዳሩ ሁለቱም በኩል ቀጥ ያለ ስለሆነ በመሐላቸው ብርሃን አልገባም። ከዚያ በመዳፋቸው እያለሰለሱ ወደ ጫፉ ወረዱ። በግራው ክፍል ያለው ቀይ መስመር መጣ፣ መጋጠሚያው ላይ ደረሰ፣ በቀኙ ክፍል ላይ ባለው ቀጠለ። ባለቤታቸው መርፌውን በነጭ ፈትል ሰክተው አቀበሏቸው።