ይሉኝታና ቅጥፈት በአንድ የእንግሊዝ ቀልድ ውስጥ

ጆን ክሊዝና ኮኒ ቡዝ የደረሱት «ፎልቲ ታወርስ» የተባለው የቴሌቪዥን ቀልድ 12 ክፍል ብቻ ነው። ከእነዚህም እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. የታየው፥ የጋብቻ መታሰቢያን የሚመለከተው ክፍል፥ የማኅበራዊ ጠባይን ለሚመረምር ሰው ልዩ ዋጋ አለው።

ባለሆቴሉ ባዚል ሚስቱን በድንገተኛ ግብዣ ለማስደሰት ሲል ቀኑን የረሳ ይመስላል፤ እርስዋም ተቀይማ ትሄዳለች። የተጠሩት ወዳጆች ሲደርሱ እውነቱን መናገር አሳፍሮት «ታማለች» ይላል። እንጠይቃት ባሉት ጊዜም አስተናጋጂቱን ፖሊን በጨለመ ክፍል አስተኝቶ በሚስቱ ስም ያቀርባታል። በመጨረሻም ሚስቱ ራስዋ ብትመለስ፥ «መልክዋ የሚመሳሰል ሌላ ሴት ናት» ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይዘጋባታል።

የሳቁ ምንጭ የባዚል ቅጥፈት ብቻ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። እንግዶቹ ጥርጣሬያቸውን በቀልድና በጥቅሻ ይገልጡታል እንጂ ነገሩን እስከ ፍጻሜው አይገፉትም። ስለዚህ ውሸቱን የሚያስረዝመው የዋሺው ብልሃት ሳይሆን የሰሚዎቹ ጨዋነት ነው። የወጥ ቤቱ ጠብ ግን ከዚህ ሐሳብ ጋር ስላልተሣሠረ ድርሰቱን ያላላዋል።

እኛ ይሉኝታ የምንለው ጠባይ ጨዋውን ከነውር እንደሚጠብቅ ሁሉ ለቀጣፊውም መጠጊያ መሆኑን ይህ ጨዋታ በግልጥ ያሳያል።