ውኃ በታጣ ጊዜ ስላለው ንጽሕና

ሜሪ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. ባሳተሙት «ንጽሕናና አደጋ» በተባለው መጽሐፍ እድፍን ከስፍራው እንደ ወጣ ነገር ይቈጥሩታል፤ የመንጻትን ሥርዐት ወደ ጤና አጠባበቅ ብቻ የሚመልሱትንም ይነቅፋሉ። በነቀፋው እንስማማለን። በአሶሳ ዙሪያ የሚኖር የበርታ ሙስሊም ከሶላት በፊት በውኃ ውዱእ ያደርጋል፤ ውኃ ቢያጣ ግን በንጹሕ አፈር ተየሙም እንዲያደርግ ሃይማኖቱ ይፈቅድለታል። አፈር ደግሞ እድፍ አያጥብም።

ይሁን እንጂ የስፍራው ትርጓሜ ብቻውን አይበቃም። ሌላ ጊዜ ፊትን የሚያሳድፈው አፈር በተየሙም የሚያነጻው፥ ከችግሩ ጋር ኒያ፥ ማለት የልብ ሐሳብ፥ ስላለበት ነው። በሕንዶቹ ሪግ ቬዳም ውኃ የሐሰትን በደል ጭምር እንዲወስድ ይለመናል። እንግዲህ አጥኚው የነገሩን ስፍራ ብቻ ሳይሆን የሰውየውንም ሐሳብ ይጠይቅ፤ ምንጭ የራቀበት ሰው ከጸሎት የማይከለከለው በዚህ ነውና።