የሚቀየረውና የማይነካው

ውድ ሰዓታቸው የቆመባቸው ሰዎች ሰዓት ሠሪው ፊት የሚያቀርቡት ጥያቄ ያው አንድ ነው፦ «ይሠራል ወይስ ሌላ ልግዛ?» በእኔ ግምት ጥያቄው ከመነሻው ተሳስቷል። ሰዓት ሲያዩት አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ ዕድሜያቸው የተለያየ ዕቃዎች አንድ ላይ የተቀመጡበት ቀፎ ነው። ሞላው ይደክማል፣ ዘይቱ ይደርቃል፣ ውኃ የሚከለክለው ጎማ ይሰነጠቃል፣ መስተዋቱ ይጫራል። እነዚህ ሲሠሩም አልቀው እንዲለወጡ ነው። የቁጥሩ ገጽ፣ ቆጣሪዎቹ፣ የቀፎው ጠርዝ፣ ክዳኑ ላይ የተቀረጸው ስም ግን አንዴ ከሄዱ ሄዱ ነው። ስለዚህ «ላሠራ ወይስ ልለውጥ» የሚለው ጥያቄ መቅረብ ያለበት ለሰዓቱ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ክፍል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳይሳሱ ያስቀይሩ፤ ሁለተኞቹን ማንም እንዳይነካብዎት።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፓቴክ ፊሊፕ ነው። ስሙ ከ1954 እ.ኤ.አ. የስዊዘርላንድ ጉብኝታቸው ጋር የሚነሳው ይህ የወርቅ ሰዓት በ2015 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ሊሸጥ ቀርቦ ነበር። የባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሳበት ከጨረታው ወጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ተመልሶ ቀርቦ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። የሰዓቱ ዓይነት 2497 ይባላል፤ ወርን፣ ቀንንና የጨረቃን ዑደት የሚያሳይ፣ ዘላለማዊ የቀን መቁጠሪያ ያለው ነው። የዚህ ዓይነት ሰዓቶች ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ነጣ ያለ ሲሆን የንጉሡ ግን ጥቁር ነው። አሁን እናስብ፤ በመካከል ከያዙት ባለቤቶች አንዱ «ገጹ አርጅቷል፣ ቀለል ያለ አዲስ ይደረግልኝ» ብሎ ቢሆን ኖሮስ? ሰዓቱ እንደ ወትሮው ይቆጥር ነበር፤ ማሽኑም ምንም አይጎድልበትም። ያ ዋጋ ግን የት ይገኝ ነበር? ፓቴክ ፊሊፕ ከተመሠረተበት ከ1839 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራውን ማንኛውንም ሰዓት እጠግናለሁ ይላል፤ ይህም የሚያሳየው የማሽን ነገር ሁልጊዜ መላ እንዳለው ነው። የፊት ነገር ግን መላ የለውም።

ወደ እኛ ደጋ አገር ስንመጣ ደግሞ፣ ደባርቅም ሆነ ዳባት፣ ሰዓት ከሌላ ቦታ በተለየ መንገድ ያረጃል። በስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያለው ጊች የሚባለው ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ፣ ሕዝቡ ከፓርኩ ወደ ደባርቅ እስኪወርድ፣ ሰው ገብስ እያረሰ ይኖርበት ነበር። ሌሊት ውጪው ይበርዳል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ምድጃው ይነዳል፣ ድስቱ ይተናል፣ ሰውና ከብት ይተነፍሳል። በዚህ ሙቀት ቀፎው ውስጥ የገባው እርጥብ አየር ሰውዬው ንጋት ላይ ብርድ ውስጥ ሲወጣ መስተዋቱ ሥር ጭጋግ ይሆናል። ጭጋጉ ረፋዱ ላይ ስለሚጠፋ ባለቤቱ ይረሳዋል። መርሳት ግን አይገባም። ጭጋግ ማለት ጎማው አብቅቷል ማለት ነው፤ ጎማው ካበቃ ደግሞ ዝገት የሚጀምረው ማንም ከማያየው ቦታ፣ ከመሙያው ዘንግና ከትንንሾቹ ብሎኖች ነው። ብርዱ ራሱ ያረጀ ዘይትን ያወፍራል። ቀን በደህና የሚሄድ ሰዓት ሌሊት ከትራስጌ ሲያድር ወደ ኋላ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንዲህ ያለው ሰዓት አልተበላሸም፤ ተፈትቶ ታጥቦ አዲስ ዘይት ማግኘት ብቻ ነው የቀረው።

ሌላው በሽታ የእኛው አቆጣጠር ያመጣው ነው፤ በውጭ የሰዓት መጻሕፍትም አያገኙትም። ቀን የሚያሳይ የተለመደ ሰዓት ቁጥሩን የሚቀይረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ነው። ፈረንጅ ይህን እኩለ ሌሊት ላይ ያደርገዋል፤ እኛ ግን ሰዓታችንን በአገሩ ልማድ ስለምንሞላ ቀኑ የሚዞረው ንጋት 12 ሰዓት ወይም ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው። ብዙው ሰው ንጋቱን ይመርጣል፤ ደግ አደረገ፣ የእኛም ቀን የሚጠባው ያኔ ነው። አደጋው ግን እዚህ ላይ ነው። ከ9 እስከ 3 ባለው ጊዜ ቀኑን የሚገፋው ጥርስ ከቀን መንኮራኩሩ ጋር ተያይዟል። በዚያ ሰዓት መሙያውን ስቦ ቀኑን በእጅ ማዞር ጥርስ ይሰብራል። ፈረንጁ በዚያ ሰዓት ተኝቷል። እኛ ግን ሥራ ደርሰን ሰነድ ላይ ቀን ስንጽፍ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው ቀኑ መሳሳቱን የምናየው፤ ያኔውኑም እንጠመዝዘዋለን።

በዚያ ላይ የወሮቻችን ቁጥር አለ። የቀን መንኮራኩሩ 31 ቁጥር ይዟል፤ የእኛ ወር 30 ነው፣ ጳጉሜም በአብዛኛው ዓመት 5 ናት። የአገሩን ቀን ለመከተል የሚፈልግ ሰው በዓመት 38 ጊዜ ቁጥር ማሳለፍ አለበት፤ 12ቱ በየወሩ መጨረሻ፣ 26ቱ ደግሞ ጳጉሜ አልቃ መስከረም ስትጠባ። የፈረንጁ 7 ብቻ ነው። ስለዚህ ከአዛውንት እጅ የወጣ ሰዓት ቀኑ ቢደነቃቀፍ አይግረመን። የሚሻለው ቆጣሪዎቹን መጀመሪያ ወደ 6 አምጥቶ ከዚያ ቀኑን ማስተካከል ነው። የንጉሡ ሰዓትም ቢሆን ይህን አይችልም ነበር፤ ዘላለማዊ የተባለው አቆጣጠሩ የሚያውቀው የፌብሩዋሪን 28 እና 29 እንጂ ጳጉሜን አይደለም።

አንድ የማውቃቸው አዛውንት ከአባታቸው የወረሱትን ወርቅ ቅብ ኦሜጋ ይዘው ለማሠራት ሄዱ። ገጹ ቡና ቀለም ይዟል፣ ቅቡ ማሰሪያው በሚገባበት ጫፍ ላይ ተልጦ ናሱ ወጥቷል።

«አባባ፣ ገጹን አዲስ ቀለም ላድርግልዎት? ወርቁንም ልወልውለው፣ ሙሽራ ይመስላል» አላቸው ወጣቱ ሰዓት ሠሪ።

«ልጄ፣ ሙሽራ ሳይሆን አባቴን ነው የሰጠሁህ» አሉት።

ልጁ ክፉ አልነበረም፤ አብዛኛው ደንበኛ የሚከፍለው ለሚያብረቀርቅ ነገር መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ወርቅ ቅብ ግን መወልወል አይወድም። ጥሩ የሚባለው ቅብ ብዙ ጊዜ 20 ማይክሮን የሚል ጽሕፈት አለበት፤ ያ ማለት የሚሊ ሜትር ሃምሳኛ ነው። አንድ ጊዜ በሞተር ቢታሽ ከዚያ ውስጥ ስንቱ እንደሚቀር ራስዎ ያስቡት። ሙሉ ወርቅም ሆነ ብረት ቢሆን ሲወለወል የሚሄደው ጠርዙ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ስለት የነበረው ጠርዝ ይድበሰበሳል። ያገለገለ ሰዓት ሲገዙ መጀመሪያ ዐይንዎ የሚያርፈው ማሰሪያው በሚገባበት ክንፍ ላይ ይሁን። ጭረት ኖሮት ጠርዙ የቆመ ሰዓት ጭረት አልባ ሆኖ ጠርዙ እንደ ሳሙና ከሟሟ ሰዓት እጅግ ይበልጣል።

ገጽ እንደገና መቀባቱንም ለማወቅ ረቂቅ ጥበብ አያስፈልግም። በማጉያ መነጽር ፊደሎቹን ይመልከቱ። የፋብሪካው ፊደል ቀጭንና ጥርት ያለ ነው፤ የተቀባው ይወፍራል፣ ጫፉ ይደማል። የደቂቃ ሰረዞቹ ከቁጥሮቹ ጋር ሳይገጥሙ ቀርተው ከሆነ፣ ወይም ከገጹ ግርጌ የስዊስ ሥራ መሆኑን የሚናገረው ጽሕፈት ከጠፋ፣ አንድ ሰው አዲስ ፊት ስሎለታል። የገረጣ ገጽ መልክ አለው፤ የተሳለ ገጽ ግን የሌላ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሰዓት ሠሪው እንምጣ። እኔ ሰውየውን የምመዝነው ሰዓቱን ከመክፈቱ በፊት በሚያደርገው ነው። ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ጋዜጣ ነው ያለው ወይስ ንጹሕ ነጭ ወረቀት? ደባርቅ በበጋ አቧራ አይጠፋባትም፤ ማሽን ከፍቶ ለደንበኛ ሂሳብ ሊመልስ የሚነሳ ሰው ቢያንስ የሻይ ብርጭቆ ደፍቶበት ይሂድ። ካቻቢቴዎቹ ስንት ናቸው? በአንድ ካቻቢቴ ሁሉን የሚፈታ ሰው የብሎኖቹን ራስ ያኝካል። የተላጠ የብሎን ራስ የማይዋሽ ታሪክ ጸሐፊ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ጠጋ ብለው የተላጡትን ብሎኖች ቢቆጥሩ ከእርስዎ በፊት ምን ዓይነት እጅ እንዳለፈበት ይነግርዎታል። ማሽኑን በጣት ሳይሆን በወረንጦ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ተረጋግተው ይቀመጡ። የጣት ላብ በናሱ ላይ የሚተወው አሻራ ከዓመታት በኋላ ይጠቁራል።

የምጠራጠረው «ነገ ይድረስልዎት» የሚለውን ነው። የተለመደው አቋራጭ ማሽኑን ሳይፈቱ ቤንዚን ውስጥ ነክሮ ማራገፍ ነው። ሰዓቱ ወዲያው ይነሳል፤ ባለቤቱም ይመርቃል። ነገር ግን ቤንዚኑ ቆሻሻውን ዘንጎቹ ከሚያርፉባቸው ድንጋዮች ቀዳዳ ሳያወጣ የቀረውን ዘይት ብቻ ነው ይዞ የሚሄደው። በሰዓት 18,000 ጊዜ የሚመታ ማሽን በቀን 432,000 ጊዜ ይመታል፤ ይህን ሁሉ በደረቁ ሲሠራ የሚበላው የራሱን ብረት ነው። በትክክል የሚሠራ ሰው ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ ያጥባል፣ በየቦታው የተለያየ ዘይት ይነካል፣ ሞላውን ይቀይራል፣ ከዚያም ለቀናት ራሱ ጋ አስቀምጦ ያየዋል። ይህን ካደረገ ቢያስከፍልም ተገቢ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ያህል ያቆያል።

ታዲያ መለወጥ የሚያዋጣው መቼ ነው? የሲኮ ፋይቭ ባለቤት ለዚህ ቀላል መልስ አለው። በ1963 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ይህ ሰዓት ብዙ ቤት ውስጥ አለ፤ በኋላ ዘመን የገባበት 7ኤስ26 የተባለው ማሽን ጠንካራ ቢሆንም በመሙያው አይሞላም፣ መሙያው ሲሳብም ሴኮንድ ቆጣሪው አይቆምም። ኤንኤች36 የተባለው የዚያው ቤተሰብ ማሽን ሁለቱንም ያደርጋል፤ ያንኑ ቀፎና ገጽ ይዞም ይገባል። ማሽኑ በገፍ የሚመረት ስለሆነ ከመጠገን መቀየር ይረክሳል። በዚህ የሚያለቅስ ሰው ቢኖር አልገባውም እላለሁ። ለኦሜጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ማሽኑ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩም ከሰዓቱ ዘመን ጋር ይነበባል። ከሁሉ የማልታገሠው ሞላ ያለውን ማሽን አውጥቶ የባትሪ ማሽን መክተትን ነው። ባትሪው ትክክለኛ ሰዓት ይነግራል፤ እሱንማ ስልክም ይነግራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት በተሠሩ ሰዓቶች ቆጣሪና ቁጥር ላይ የሚያበራው ቀለም ብዙ ጊዜ ራዲየም ነው። ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ አልጠፋም። «ልፍቀውና አዲስ ላድርግበት» የሚል ሰው ካጋጠመ እምቢ ይበሉ፤ አቧራው ለሚተነፍሰው ሰው ጉዳት ነው፣ የሚተነፍሰውም አስቀድሞ ሠሪው ራሱ ነው።

ሰዓቱን ፋብሪካው ጋ ወይም ወደ ውጭ አገር በዘመድ እጅ ለሚልኩ ደግሞ፦ ፋብሪካው ያረጀ ገጽና ቆጣሪ ሲያይ ሳይጠይቅ በአዲስ ሊተካ ይችላል። ከመላክዎ በፊት «አይወልወል፣ ገጹና ቆጣሪዎቹ አይቀየሩ፣ የወጣው ዕቃ ሁሉ ይመለስልኝ» ብለው በጽሑፍ ያስይዙ። የአገሩን ሠሪም ቢሆን አሮጌውን ሞላ፣ የተሰነጠቀውን ጎማ በትንሽ ፌስታል አድርጎ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ቀየርኩ ያለውን ያልቀየረ ሰው የሚይዘው ይህ ጥያቄ ነው።

ሰዓቱን ሲቀበሉ ወዲያው እጅዎ ላይ አያስሩት። ሙሉ በሙሉ ሞልተው አንድ ሌሊት ፊቱን ወደ ላይ፣ ሌላ ሌሊት በጎኑ መሙያውን ወደ ታች አድርገው ያሳድሩት፤ በየጠዋቱ ከስልክዎ ጋር ያስተያዩት። የስዊዘርላንድ የምስክር ወረቀት ያለው ሰዓት የሚፈቀድለት በቀን ከ4 ሴኮንድ ወደ ኋላ እስከ 6 ሴኮንድ ወደ ፊት ነው። ከአሮጌ ሰዓት ይህን መጠበቅ ግፍ ነው፤ ግማሽ ደቂቃም ቢሳሳት በየቀኑ ያው ከሆነ በማስተካከያው ይመለሳል። ፊቱን ወደ ላይ ሲያድር 10 ሴኮንድ ቀድሞ፣ በጎኑ ሲያድር አንድ ደቂቃ ከቀረ ግን የሚወዛወዘው መንኮራኩር ሚዛኑን አጥቷል ወይም ምሰሶው ተበልቷል። በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ የሚሮጥ ከሆነ ደግሞ ማግኔት ነክቶት ሊሆን ስለሚችል በትንሽ መሣሪያ ወዲያው ይለቀቅለታል፤ ለዚህ ማሽን ልፍታ የሚል ካለ ሰዓትዎን ይዘው ይውጡ።