የፋሲል ግንብ ድንጋይ

ጎንደር ከሚገኘው ፋሲል ግቢ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ጉልላቱና ሰገነቱ ላይ ነው። እኔ ግን ግድግዳውን ተጠግቼ ማየት ደስ ይለኛል። ጠቆር ያለው ድንጋይ ባዝልት ነው፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከመሬት ስንጥቅ የፈሰሰ ላቫ ቀዝቅዞ የጠጠረ። አንዳንዱን በጣት ሲዳብሱት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ላቫው ሲረጋ የጋዝ አረፋ የተወው ምልክት ነው። የበሩንና የመስኮቱን ቅስት ያስዋበው ቀላ ያለ ድንጋይም የጠነከረ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

የስሜን ተራሮችን፣ ራስ ደጀንን ጨምሮ፣ የገነባው እንዲሁ እየተደራረበ የፈሰሰ ላቫ ነው። ገደሉ ላይ ንብርብሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከዚህ ሁሉ ሥር ከ540 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረው የቅድመ ካምብሪያን ዐለት አለ። ጎንደር ላይ ላቫው ሸፍኖታል፤ ከተከዜ ማዶ በትግራይ፣ በምዕራብም በቤንሻንጉል ገጥጦ ይወጣል። እዚያ የተጣጠፉት ዐለቶች ጥንታዊ ውቅያኖስ መዘጋቱን፣ የእሳተ ገሞራ ደሴቶችም ተጋጭተው የብስ መሆናቸውን ይመሰክራሉ። የቤንሻንጉል ወርቅ የሚገኘውም በእነዚሁ ዐለቶች ውስጥ ነው።

ግቢውን የምታስጎበኙ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የነገሥታቱን ታሪክ ስትነግሩን እባካችሁ የድንጋዩንም ጨምሩልን።