የቤት ገመናና የልጅ ዕዳ

የቤተ ሰብን ምስጢር መግለጥ ለደራሲ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው የመደበቁን ዋጋ ማሳየት ነው። አሜሪካዊት ደራሲ ብሪት ቤኔት በ2020 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ዘ ቫኒሺንግ ሃፍ» የተሰኘ ልብ ወለድ በዚህ ረገድ ሊመረመር የሚገባው ነው።

ዴዚሬና ስቴላ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካውያን መንትዮች በ1954 እ.ኤ.አ. ከሉዊዚያና መንደራቸው ይኰበልላሉ። ስቴላ መልኳ የቀላ በመሆኑ ነጭ ነኝ ብላ፥ ነጭ አግብታ፥ እናቷንና እኅቷን ክዳ ትኖራለች። ደራሲዋ ይህን ምስጢር ከአንባቢ አትሸሽግም፤ ስለዚህ የምናነበው «ምን ይሆን?» እያልን ሳይሆን «እስከ መቼ ትችለው ይሆን?» እያልን ነው። የመጽሐፉ ብርታት ይህ ነው። ዕዳውን የምትከፍለው ግን ልጇ ኬኔዲ ናት፤ የእናቷን ዘመድ አዝማድ ሳታውቅ፥ ለጥያቄዋም እውነተኛ መልስ ሳታገኝ ታድጋለች።

ነቀፌታም አይታጣበትም። የዴዚሬ ልጅ ጁድ በሰፊዋ ሎስ አንጀለስ አክስቷን በአንድ ግብዣ ላይ ማየቷ፥ ኋላም ከኬኔዲ ጋራ መገናኘቷ፥ ዕድል ከደራሲዋ ጋራ የተማከረ ያስመስለዋል።

ቢሆንም መጽሐፉ ስቴላን ለመኰነን አይቸኩልም። ነጮች በአባቷ ላይ የፈጸሙትን ግፍ በልጅነቷ ያየች ሴት ብትሸሽ አያስደንቅም፤ ነገር ግን ከፍርሃት የሸሸ ሰው ፍርሃቱን ለልጁ ያወርሳል። ገመናን መሸፈን ጨዋነት ነው ተብለን ላደግን ለእኛም መጽሐፉ አንድ ጥያቄ ትቶልን ያልፋል፤ የሸፈንነው ለማን ብለን ነው?