የጽሑፍ ቁጥርና የዕውቀት ታማኝነት፤ አጭር ሂስ

የምርምር ጽሑፍ ዋጋ የሚለካው በመታተሙ ሳይሆን ከመታተሙ በፊት ባለፈበት ፈተና ነው። የሙያ አቻዎች መርምረው ጉድለቱን ካልነቀሱት፣ ሲያስፈልግም መልሰው ካልሰደዱት፣ በመጽሔት ላይ መውጣቱ ብቻ እውነት አያደርገውም። ይሁን እንጂ ገንዘብ ተቀብለው ግምገማውን ለስም ብቻ የሚያካሂዱ መጽሔቶች በዓለም ዙሪያ በርክተዋል፤ የአገራችን ምሁራን ሥራዎችም በእነዚሁ ገጾች ላይ ይገኛሉ። ማስከፈሉ በራሱ ነውር አይደለም፤ በግልጽ አስከፍለው በሚገባ የሚገመግሙ አሉና። ነውሩ ያልተደረገውን ምርመራ እንደተደረገ አድርጎ መሸጡ ነው።

ጉዳዩ የዩኒቨርሲቲዎች ብቻ የሚመስለው ቢኖር ወደ ፎገራ ሜዳ ይመልከት። ርብና ጉማራ ወንዞች በክረምት በሚያጥለቀልቁት በዚህ ሜዳ ሩዝ ዋነኛ ሰብል ሆኗል፤ ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማዕከል ተቋቁሟል። ስለ ዝርያው፣ ስለ ማዳበሪያውና ስለ ጎርፉ ብዙ ተጽፏል። ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁ የአካባቢ ምሳሌ ሲሻ፣ የግብርና ባለሙያውም ምክር ሲሰጥ የሚቀዳው ከዚሁ ነው። ያልተመረመረ አኃዝ ከገባበት ስሕተቱ ከመጽሔት ወደ መማሪያ መጽሐፍ፣ ከዚያም ወደ ማሳ ይወርዳል። ጸሐፊው የማዕረግ ዕድገት ሲያገኝበት ገበሬው የዓመት ልፋቱን ሊያጣበት ይችላል።

መፍትሔው የጥፋተኞችን ዝርዝር ማውጣት ነው የሚሉ አሉ። አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቤል ይህንኑ ሞክሮ ነበር። ዝርዝሩ ብዙዎችን ቢያነቃም በድሃ አገሮች አሳታሚዎች ላይ ያዳላል ተብሎ ተነቅፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያም ከነጭራሹ ተነሥቷል። የአንድ ሰው ሚዛን የተቋማትን ኃላፊነት ሊተካ እንደማይችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ትምህርት ሚኒስቴር የአገር ውስጥ መጽሔቶችን ገምግሞ ዕውቅና መስጠቱ የተሻለ መንገድ ነው። ዳሩ ግን ዕድገት በጽሑፍ ቁጥር እስከተመዘነ ድረስ በበር የተከለከለው በመስኮት መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ የዕድገት ኮሚቴዎች ከመቁጠር ይልቅ ጽሑፉን ራሱን ያንብቡ፤ የገምጋሚዎችን አስተያየትና የጸሐፊውን መልስም ይጠይቁ። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ዕጩ መምህራን በማናቸውም ጽሑፍ ፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንዲያነሡ ያስተምሩ፦ ማን ገመገመው? መረጃው ከየት መጣ? ስማቸው የሰፈረው ሰዎች እያንዳንዳቸው ምን ሠሩ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ጽሑፍ ወደ መማሪያ ክፍል ሊገባ አይገባውም።