ኮከብ የማይደርስባቸው ጌሞች፦ የሞባይል ጨዋታ ጥራት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዓይን

ጉግል ፕሌይ ለአንድ ጌም የሚያሳየው ኮከብ በምዕራብ ጎጃሟ ቡሬ ብዙም አይናገርም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ላይ ተጠቃሚው የሚያየው ደረጃ በገዛ አገሩ ሰዎች የተሰጠው እንዲሆን አድርጓል፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ ከዚያ በፊት ይጀምራል። በምዕራብ ጎጃም ከተሞችና ገጠሮች ጌም ከስልክ ወደ ስልክ የሚሻገረው በአመዛኙ ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያሻግሩት በሼርኢትና በዜንደር ነው፤ ካልሆነም ሞባይል ቤት ገብቶ ሚሞሪ ካርድ ላይ ይጫናል። እንዲህ የተገኘ ጌም ከወረዱት ቁጥር ውስጥ አይቆጠርም። የወደደውም ኮከብ አይሰጥም፣ የሰለቸውም ቅሬታ አይጽፍም። አንድ ጌም ፍኖተ ሰላም ውስጥ በየሰፈሩ ቢጫወቱትም በመደብሩ መዝገብ ላይ እንዳልተነካ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ስለዚህ ጥራትን ለመመዘን ሌላ መነሻ ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ሮዤ ካይዋ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታዎችን በአራት መድቧቸው ነበር፦ ፉክክር፣ ዕድል፣ ማስመሰልና ራስን የሚያዞር ስሜት። ለጎጃም አንባቢ ግን ዘውግን በዘውጉ የመመዘን ልማድ ከፓሪስ መምጣት አያስፈልገውም። በዋሸራም ሆነ በሌላው ጉባኤ ቤት የቅኔ መምህር ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ስምንት ቤት ያለው መወድስ አልሆነም ብሎ አይነቅፈውም፤ በሁለቱ ቤት ውስጥ የገባውን ቃል ፈጽሟል ወይ ብሎ ይጠይቃል እንጂ። የሞባይል ጌም ሂስም ከዚህ ቢጀምር ይሻላል። እያንዳንዱ ዘውግ ለተጫዋቹ የሚገባው ቃል አለ። ጥያቄው ቃሉ ሲፈጸም የተጫዋቹ ስልክ፣ ኪስና ኔትወርክ ምን ዓይነት ናቸው የሚለው ነው።

ከሩጫ ጌሞች እንጀምር። ቴምፕል ረን እ.ኤ.አ. በ2011፣ ሰብዌይ ሰርፈርስ ደግሞ በ2012 ወጡ፤ ሁለተኛው በ2018 በጉግል ፕሌይ አንድ ቢሊዮን ጊዜ የወረደ የመጀመሪያው ጌም ሆኗል። የዘውጉ ቃል ቀላል ነው፦ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል፣ የምትወድቀው ግን በራስህ ጣት ጥፋት ብቻ ነው። በሰብዌይ ሰርፈርስ ሦስት መስመር ብቻ አለ፤ ጣት ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይንሸራተታል። ከዚህ በላይ የሚማሩት ነገር ስለሌለ ትምህርት ቤት ያልገባ ሕፃንም ከታላቅ ወንድሙ ትከሻ በላይ አይቶ ይይዘዋል። በርካሽ ስልክ ላይ ግን ቃሉ ይፈርሳል። ሚሞሪው የሞላ ስልክ ልክ ባቡሩ ፊት ለፊት ሲመጣ ስታክ ያደርጋል፤ ሲለቅ ልጁ ወድቋል። «እኔ አይደለሁም፣ ስልኩ ነው» የሚለው ሙግት በልጆች መካከል የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፣ ሙግቱም ትክክል ነው። በውድ ስልክ ላይ ፍትሐዊ የነበረው ጌም እዚህ ፍትሕ አጉድሏል።

አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ የሠራው «ኩኩሉ» በዚሁ ዘውግ ይመደባል። ባለታሪኳ ከአሳዳጇ የምትሸሽ ዶሮ ናት። የአገር መልክ ስላለው ብቻ ከትችት ማምለጥ የለበትም፤ በዘውጉ ሕግ ከዴንማርኩ ሰብዌይ ሰርፈርስ ጋር እኩል መመዘን አለበት፦ እንቅፋቱ በጊዜ ይታያል ወይ? ጣት ሲነካው ዶሮዋ ወዲያው ትታዘዛለች ወይ? አንድ ነገር ግን ሊካድ አይችልም። ዶሮ ለበዓል ስትያዝ ያላየ የጎጃም ልጅ የለም፤ ስለዚህ ለምን እንደምትሸሽ ማንም አያስረዳውም። የዚህ ዓይነት ጌም ግማሹ መግቢያ በተጫዋቹ ቤት አስቀድሞ ተጽፎ ይጠብቀዋል።

የእንቆቅልሽ ጌሞች ጉዳይ ሌላ ነው። ካንዲ ክራሽ ሳጋ ለተጫዋቹ አምስት ልብ ይሰጠዋል፤ አንዷ ስታልቅ ተመልሳ የምትሞላው በ30 ደቂቃ ነው። መጠበቅ ያቃተው እንዲከፍል ታስቦ የተሠራ ነው። ቡሬ ያለ ተጫዋች ግን ቢፈልግስ በምን ይከፍላል? የጌሙ መደብር በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ በአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ኪስ ውስጥ የለም። እናም የትዕግሥት ማጣት ገበያ ገዢ ያጣል። ልጆቹ ያገኙት መፍትሔ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው፦ የስልኩን ሰዓት ወደፊት መግፋት። ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይዘላል፣ አምስቱ ልቦች ይሞላሉ፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ጌሙን ለመገምገም ከዚህ የተሻለ ሙከራ የለም ማለት ይቻላል። የክፍያው ግድግዳ ሲፈርስ የቀረው እንቆቅልሽ አሁንም የሚያጓጓ ከሆነ በውስጡ እውነተኛ ጨዋታ ነበረ ማለት ነው። በካንዲ ክራሽ ነበረ፤ በብዙ አስመሳዮቹ ውስጥ ግን የሚቀረው ማስታወቂያ ብቻ ነው። በዘመናችን ከጌም ይልቅ የማስታወቂያ መጠቅለያ የሆኑ ነገሮች እንደ አሸን ፈልተዋል፤ በእነሱ ላይ ቃል ማባከን አያስፈልግም።

የተኩስ ጌሞችን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ፍሪ ፋየር እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፐብጂ ሞባይል ደግሞ በ2018 መጡ። የመጀመሪያው ሃምሳ ሰዎችን ለአሥር ደቂቃ ያህል ሲያፋልም፣ ሁለተኛው መቶ ሰዎችን ይዞ ረዘም ይላል። ሥዕሉ ሻካራ ነው ተብሎ የሚነቀፈው ፍሪ ፋየር ለደካማ ስልክ መታሰቡ ከጥራቱ ሊቆጠርለት ይገባል፤ ሥዕልን ብቻ የሚያይ ገምጋሚ ይህን አያስተውልም።

ሁለቱም ግን ያለ ኔትወርክ አይነሱም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በብዙ ቦታም ለወራት ሳይመለስ ሲቆይ፣ እነዚህ ጌሞች በስልኩ ላይ ቦታ የያዙ ምልክቶች ብቻ ሆነው ቀሩ። የእግር ኳሱ ጌም ኢፉትቦልም እንዲሁ፤ ከአገልጋዩ ኮምፒውተር ጋር ካልተገናኘ ኳሱ አይንቀሳቀስም። የእግር ኳስ ፍቅር ያለው ወጣት ወደ ጆተኒው ተመለሰ፤ የጆተኒ ዘንግ ዳታ አይጠይቅም። ያ ጊዜ ለሰዎች የከበደ ነበር፣ የጌም ጉዳይም ከችግሮቹ ትንሹ ነው። ለሂስ ግን አንድ ነገር ገልጧል፦ ባለቤቱ ሌላ አገር ሆኖ ሲፈቅድ ብቻ የሚከፈት ጨዋታ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በተጫዋቹ እጅ አልገባም። ይህን ጉድለት የምዕራቡ ዓለም ገምጋሚዎች እምብዛም ነጥብ አይቀንሱበትም፤ እነሱ ዘንድ ኔትወርክ እንደ አየር ይቆጠራል።

በዚያው ጊዜ ያለ ኔትወርክ የሚሠራው ሉዶ ኪንግ ክብሩ እንደተጠበቀ ነበር። አራት ሰው በአንድ ስልክ ዙሪያ ተቀምጦ ይጫወተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሕንድ የወጣው ይህ ጌም በሥዕል ረገድ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። የዕድል ጨዋታ ጥራት ግን ያለው ዳዩ ላይ ነው። በእጅ የሚወረወረው ዳይ ሲንከባለል አራቱም ያዩታል፤ ስልኩ ውስጥ ያለውን ማንም አያየውም። ለዚህ ነው «ኮምፒውተሩ ለራሱ ስድስት ያወጣል» የሚለው ጥርጣሬ የማይሞተው። ጥርጣሬው ልክ ይሁን አይሁን፣ በዕድል ጌም ላይ እምነት ማጣት የሥራው ጉድለት ተደርጎ መወሰድ አለበት። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ፍርዱን ሰጥተዋል፦ ከማሽኑ ጋር ብቻውን የሚጫወት ይማረራል፣ አራት ሰው ሆነው ሲጫወቱ ግን ማሽኑ ለማን ያደላል?

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው ገበጣ ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉ በርካታ የገበጣ አጨዋወቶችን ዘርዝሯል። በሁለት ረድፍ የሚጫወቱት አለ፣ በሦስት ረድፍም አለ፤ ባለሦስቱ በተለይ የአፍሪካ ቀንድ ነው። እረኞች ከብት እየጠበቁ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው በጠጠር ይጫወቱታል። ቅኔ ጌምስ ይህን ጨዋታም ወደ ስልክ አምጥቶታል፣ እርምጃውም ሊመሰገን ይገባል። ማንኛውም የስልክ ገበጣ ግን ሁለት ከባድ ፈተናዎች አሉበት።

አንደኛው የእጅ ጉዳይ ነው። መሬት ላይ ተጫዋቹ ጠጠሩን አፍሶ አንድ አንድ እያለ ይዘራል፤ የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ያልሆነ ጉድጓድ ላይ ካረፈ ያንንም አንስቶ ይቀጥላል። ጎበዝ ተጫዋች ጉድጓዱን ሳይቆጥር ዓይቶ ያውቃል፣ ጠጠር ሲያነሳም የክብደቱን ልክ በመዳፉ ይለካል። ተቃዋሚው ደግሞ የእጁን ፍጥነት እየተከታተለ ስህተቱን ይጠብቃል። በስልክ ላይ ግን ጉድጓዱን አንዴ መንካት ነው፤ መዝራቱን ማሽኑ ይጨርሰዋል። ቶሎ ከጨረሰው ምን እንደሆነ አይታይም። እያንዳንዱን ጠጠር ካሳየ ዙሩ ሲረዝም ያሰለቻል። በዚህ ዘውግ የሚሠራ ባለሙያ ጥራቱ የሚፈተነው ከቀለሙና ከሙዚቃው ይልቅ በዚህ ፍጥነት ላይ ነው፦ ዓይን ተከትሎ ሊቆጥርበት የሚችል፣ ነገር ግን የማያንቀላፋ። ጉድጓዱ ላይ የጠጠሩን ቁጥር መጻፍም ሌላ አከራካሪ ምርጫ ነው። ለጀማሪ ይረዳል፤ ለአዋቂው ግን የጨዋታውን ግማሽ ችሎታ ነጥቆ ለሁሉ ያከፋፍላል።

ሁለተኛው የሕግ ጉዳይ ነው። የአንዱ አካባቢ ሰዎች «ይህ መብላት ነው» የሚሉትን የሌላው አካባቢ ሰዎች «አይበላም» ይሉታል። መሬት ላይ ይህ የሚፈታው ከመጀመሩ በፊት በመስማማት ነው፤ ስልኩ ግን አንድ ሕግ ብቻ ካወቀ ከቡሬ የመጣው እረኛ ከአዲስ አበባው ተማሪ ጋር ሲጫወት ማሽኑ ሁልጊዜ ለአንደኛው ይፈርዳል። የቼዝ ሕግ በዓለም አንድ ስለሆነ የቼዝ ጌም ይህ ችግር የለበትም። ለዳማ በርካታ መተግበሪያዎች የእንግሊዙን፣ የሩሲያውን ወይም ዓለም አቀፉን ሕግ ከመጀመሪያው ገጽ ያስመርጣሉ። የገበጣ ጌምም ቢያንስ ይህን ማድረግ ይጠበቅበታል፦ ሁለት ረድፍ ወይስ ሦስት፣ በየጉድጓዱ ስንት ጠጠር፣ የሚበላው ጠጠሩ የት ሲያርፍ ነው፣ ዙሩ መቼ ያቆማል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ገጹ ላይ ለሁለቱ ተጫዋቾች የሚያቀርብ፣ ያለ ዳታ የሚሠራና በዜንደር ለጎረቤት ስልክ ሊሰጥ የሚችል ገበጣ ከመጣ፣ በዘውጉ ከተሠሩት ሁሉ ጋር መወዳደር ይችላል።